የደጋው ፀሐይ ስንት ያወጣል?

(መግቢያ ሙዚቃ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በደባርቅና በዳባት፣ በጃናሞራና በበየዳ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁል በአዲ አርቃይ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቤት ሶላር ነው። ስለ ጥቅሙ ብዙ ተወርቷል፤ ዛሬ የምናወራው ስለ ገንዘቡ ነው። ስንት ይወጣል? ማን ያግዛል? ለማን ያዋጣል፣ ለማንስ አያዋጣም? ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ፤ የሌላችሁ ተማሪ ልጅ ጠርታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ሒሳብ አለ።

ከማያዋጣው ልጀምር።

ደባርቅ ከተማ ውስጥ ቆጣሪ የገባለት ቤት እንውሰድ። በአገራችን ለቤት ፍጆታ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለረጅም ዓመታት የሚሸጡት እያንዳንዳቸው በ27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ሃምሳውንም የጨረሰ ቤት የአገልግሎት ክፍያውን ሳይጨምር በወር 13 ብር ከ65 ሳንቲም ይከፍል ነበር ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ገንዘብ ምን ይገዛል የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተጨመረበት ነው፤ ጭማሪው በአራት ዓመት እንዲጠናቀቅ ነው የታቀደው። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ለሚጠቀም ቤት የመብራት ሒሳብ ከሌላው ወጪ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ስለዚህ የከተማ ሰው «ሶላር አስገብቼ የመብራት ሒሳቤን እቀንሳለሁ» ቢል ያወጣውን ገንዘብ በቶሎ አያገኘውም።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ ሲደውሉ «እዚህ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቅሏል፤ መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል፤ እናንተስ ፀሐዩ እያላችሁ?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ ግን የእነሱ ሒሳብ ሌላ ነው። ካሊፎርኒያን ብንወስድ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም ያልፋል። ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለ ሰው ከፍላጎቱ የተረፈውን ወደ መስመሩ መልሶ ይሸጣል፤ የፌዴራል መንግሥቱም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ከወጪው 30 በመቶውን ከግብር ይቀንስለት ነበር። እዚያም ቢሆን ነገሩ እየጠበቀ ነው። ካሊፎርኒያ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሶላር ከሚያስገቡት የምትገዛበትን ዋጋ በጣም ቀንሳዋለች፤ የግብር ቅናሹም ቀርቷል። መብራት ውድ በሆነበት አገር ሶላር ሒሳብ ይቀንሳል፤ መብራት ርካሽ በሆነበት አገር ግን የሚቀነስ ሒሳብ ከየት ይመጣል?

ቆጣሪ ያለው የደባርቅ ሰው ገንዘብ የሚያወጣው መብራት ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ ላለመቀመጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ፓኔል መግዛት ግድ አይደለም። ከመስመሩ እየተሞላ የሚቀመጥ አንድ ባትሪ ከቻርጀሩ ጋር፣ ሁለት ሦስት አምፖል፣ በቃ። መብራቱ ለቀናት የሚቋረጥባችሁ ከሆነ ፓኔሉ ያኔ ይጨመራል። ፀጉር ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ቀዝቃዛ ነገር የሚሸጥ ሱቅ ያላችሁ ግን ሒሳባችሁ ሌላ ነው፤ እናንተ የምታሰሉት መብራት በጠፋበት ቀን ያጣችሁትን ገቢ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደሚያዋጣው እንሂድ። መስመሩ ያልደረሰበት ቀበሌ፣ ከዋናው መንገድ በእግር የሚገባ ጎጥ። እዚያ ያለ ቤተሰብ ለብርሃን ገንዘብ አያወጣም ያለው ማነው? ሳንቲም ሳንቲሙን እየበተነ ስለሚያወጣ ነው የማይታየው። ለኩራዝ ነጭ ጋዝ፣ ለእጅ መብራትና ለሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ፣ ገበያ ሲወርዱ ስልክ ለማስሞላት፣ ስልኩ ተሞልቶ እስኪመለስ ደግሞ የሚባክን ግማሽ ቀን።

እንግዲህ እርሳስ። በሳምንት ለነዚህ ሁሉ 120 ብር ይወጣል እንበል። ይህ ለስሌት ያህል የወሰድኩት ቁጥር ነው፤ የእናንተን ራሳችሁ አስገቡበት። ዓመቱ 52 ሳምንት ነውና 6,240 ብር ይሆናል። ይህ ቤተሰብ በዓመት 6,240 ብር ለጨለማ እየከፈለ ነው። ሶላሩ ውድ ነው ርካሽ ነው የሚባለው ከዚህ ቁጥር አንጻር ብቻ ነው፤ ጎረቤት ስንት ገዛ የሚለው ምንም አይነግራችሁም።

ለአንድ የገጠር ቤት ምን ይበቃል? 50 ዋት ፓኔል እንውሰድ። አገራችን በአማካይ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ጉልበት ይወርድባታል። ይህም ማለት ሃምሳ ዋቱ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበቱን እንደሰጠ ይቆጠራል፤ 250 ዋት ሰዓት። በሽቦ፣ በአቧራ፣ በባትሪው መግቢያና መውጫ የሚባክነውን ስንቀንስ 180 ገደማ እጃችን ይገባል። ወጪው ደግሞ ይኸውና። ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖል ለአራት ሰዓት ሲበራ 60። ሬዲዮ ቀኑን ሲያወራ 15። ሁለት ስልክ 24። ድምሩ 99። ትንሽ፣ 20 ዋት የምትበላ ቴሌቪዥን ማታ ሦስት ሰዓት ብትከፈት 60 ይጨመራል፤ 159። ከ180 ውስጥ 21 ተረፈ። ደህና ነው።

እንጀራ ምጣድስ? ይህን ጥያቄ እናቶች ሁሌ ይጠይቁኛል፤ ነጋዴዎች ደግሞ ሁሌ ያልፉታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። አንድ ሰዓት ሲጋገርበት 3,500 ዋት ሰዓት ነው። የኛ ሃምሳ ዋት ፓኔል ይህን ለማጠራቀም ከ19 ቀን በላይ መሥራት አለበት። ስለዚህ የቤት ሶላር ኩበቱንና የባሕር ዛፍ ፍልጡን አያስቀርም። «ምጣድም ያነሳል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ፈልጉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ዋጋው ውስጥ ምን አለ? ፓኔል በዓለም ገበያ እጅግ የረከሰ ዕቃ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. አንዱ ዋት ከ70 ዶላር በላይ ነበር፤ ዛሬ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። ታዲያ ዳባት ገበያ ላይ ለምን አልረከሰም? አንዱ ምክንያት ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ቻይና የረከሰው እዚህ ሲደርስ በምንዛሬው ተመልሶ ተሰቀለ። በዚያ ላይ ከጅቡቲ እስከ ደባርቅ ያለው ማጓጓዣ አለ፤ በየመሐሉ የሚያልፍበት እጅ ሁሉ የራሱን ትርፍ ይጭናል።

ሁለተኛው ምክንያት ባትሪው ነው። እኔ እንደማየው ሰዎቻችን ሶላር ሲገዙ የሚያዩት ፓኔሉን ነው፤ የሚያብረቀርቀውም የሚታየውም እሱ ስለሆነ። ኪስ የሚያራቁተው ግን ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው ባትሪ ነው። ደህና ፓኔል 25 ዓመት ይሠራል፣ በዓመት ግማሽ በመቶ ያህል እየደከመ። ተራው የሊድ ባትሪ በኛ አያያዝ ሦስት ዓመት ከሞላ እሰየው ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ በደንብ የተሠራው፣ ሁለት ሺህ ሦስት ሺህ ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል፤ በየቀኑ ቢሆን እስከ ስምንት ዓመት ማለት ነው።

እናስላው። አሁንም ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። ሊድ ባትሪ ያለው ሶላር 15,000 ብር፣ ሊቲየም ያለው 19,000 ብር ይጠየቅበታል እንበል። አብዛኛው ሰው አራት ሺህ ብሩን አይቶ የመጀመሪያውን ይወስዳል። በስምንት ዓመት ውስጥ ግን ሊዱ ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ አንዱ 6,000 ብር ቢሆን 12,000። ጠቅላላው 27,000 ብር፣ በዓመት 3,375። የሊቲየሙ 19,000 ለስምንት ሲካፈል በዓመት 2,375። ርካሹን የገዛው ሰው በዓመት ሺህ ብር አብልጦ እየከፈለ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ቅድም ከቆጠርነው 6,240 ብር ያነሱ ናቸው፤ መስመር ላልደረሰው ቤት ያዋጣል ያልኩትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ችግሩ 19,000 ብሩ በአንድ ቀን ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ማበረታቻ የሚባለው ነገር ይመጣል። በኛ አገር መንግሥት ለባለቤቱ በእጁ ገንዘብ አይሰጥም። ድጋፉ ከላይ፣ ከአስመጪውና ከአበዳሪው በኩል ነው የሚገባው፤ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው በዋጋና በብድር ተለውጦ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለሶላር አስመጪዎችና ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ሲያበድር ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ ከመስመር ውጪ ላሉ አካባቢዎች መብራት የሚሆን የ500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት አጽድቋል፤ የቤት ሶላርም፣ ለአንድ መንደር የሚበቃ አነስተኛ ጣቢያም፣ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት የሚሆነውም በውስጡ አለ። ከዚህ የልማት ባንክ ብድር ጋር አንድ ቅድመ ሁኔታ ተያይዟል፦ ዕቃው የጥራት ፈተና ያለፈ መሆን አለበት። ዛሬ ዓለም አቀፍ ፈተናውን የሚመራው ቬራሶል የሚባለው ነው። በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ይህ ሁሉ አይነካውም፤ ዋጋው ቢቀንስም ነገ ሲበላሽ የምትይዙት ሰው የለም።

በክልላችን ብዙዎቻችሁ አብቁተ እያላችሁ የምታውቁት የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። እሱ ዘንድም ይሁን ኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ዘንድ ብድር ስትጠይቁ ሁለት ጥያቄ አስቀድሙ። አንደኛ፣ ወለዱ የሚሰላው በቀረው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ? በመጀመሪያው ከሆነ ግማሹን ከፍላችሁም ወለዱ አይቀንስላችሁም። ሁለተኛ፣ ክፍያው መቼ ነው? በየወሩ ክፈል የሚል ውል ለደመወዝተኛ የተሠራ ነው። ገብስና ባቄላው የሚወቃው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ገበያ የሚወጣው ወር ይታወቃል፤ ያበዳሪው ወረቀት ያንን ወር ይዞ ከመጣ ትከፍላላችሁ፤ ሐምሌና ነሐሴን ይዞ ከመጣ በግ ትሸጣላችሁ።

ሌላው መንገድ እየተጠቀሙ መክፈል ነው። ኬንያ ውስጥ ኤም ኮፓ የተባለ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ በስልክ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ ሶላሩን የራስ ማድረግ። በኛም አገር እንዲህ የሚሠሩ አሉ፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በመኖሩ ክፍያው ቀሏል። ያልተከፈለ እንደሆነ ግን መሣሪያው ይቆለፋል፤ ኮድ ካልገባለት አይበራም። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜስ እንዴት ይከፈላል? ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። በኛ አካባቢ ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

ድጋፍ ተገኘ ማለት ሥራው አለቀ ማለትም አይደለም። በዚሁ በክልላችን በሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል መንደር አለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት እዚያ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች ሶላር አስገብቷል። እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። ቤተሰቡ ወር በወር ትንሽ ገንዘብ ለጥገና እንዲያዋጣ ተደረገ፤ የሶላር ማሠልጠኛም እዚያው መንደሯ ውስጥ ተቋቋመ፤ አምፖል ሲቃጠል አዲስ አበባ ድረስ አይኬድም። ለጎጣችሁ ሶላር በእርዳታ ሲመጣ ለመጀመሪያው ስብሰባ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ ባትሪው ሲሞት ማን ይቀይረዋል፣ በማን ገንዘብ?

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሱቅ እንግባ። ይህን አጭር ጭውውት ስሙ።

ነጋዴ፦ ይግቡ እማማ፣ ምን ልርዳዎት?

እማማ፦ ይቺ ሶላር ስንት ዋት ናት፣ ልጄ?

ነጋዴ፦ መቶ ናት። ይኸው ጀርባዋ ላይ ተጽፏል።

እማማ፦ ጽሑፉንማ ልጄ ያነብልኛል። እስቲ ቆይ… (ይለካሉ) ርዝመቷ አንድ ክንድ ከስንዝር። ወርዷ አንድ ክንድ እንኳ አልሞላም።

ነጋዴ፦ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው እማማ፤ አሁን እያነሰ ነው የሚመጣው።

እማማ፦ ሁለት ክንድ በአንድ ክንድ የሆነችው የታለች?

ነጋዴ፦ እሷማ… ዋጋዋ ይለያል።

እማማ፦ ታዲያ የመቶውን ዋጋ በስድሳው ልታስከፍለኝ ነበር?

እማማ ትክክል ናቸው። ዛሬ ያለው ደህና ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ መቶ ዋት ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ሁለት ክንድ በአንድ ክንድ። ሃምሳ ዋት አንድ ክንድ በአንድ ክንድ። ወረቀት ላይ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል፣ ስፋት ግን አይዋሽም። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀትም ይዛችሁ ውጡ፤ የባትሪው ዋስትና ከፓኔሉ ተለይቶ መጻፉን አረጋግጡ።

ቤት ከደረሰ በኋላ ገንዘብ የሚባክነው በአተካከል ነው። የኛ ሰማይ ከፀሐይ ቀጥሎ ሌላም ስጦታ አለው፤ ብርድ። ፓኔል ፀሐይ ይወዳል እንጂ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ በላይ አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 0.4 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሁመራ ላይ ፓኔሉ ራሱ 65 ዲግሪ ቢደርስ 16 በመቶው ሄደ ማለት ነው፤ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ደባርቅ ይህን ያህል አትከስርም። ብቻ ቆርቆሮው ላይ አጣብቃችሁ አትምቱት፤ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።

ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ማዘንበሉ 15 ዲግሪ ያህል። ደቡብን ለማወቅ በጥር ወር ቀትር ላይ እንጨት ትከሉ፤ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ ፓኔሉ ጥላው ለወደቀበት ጀርባውን ይስጥ። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ እስከ ነሐሴ ግን ፀሐይዋ በኛ ላይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ይገለበጣል፤ ያኔ ተደናግጣችሁ ፓኔሉን አታዙሩት። ዘመም ማለቱ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብም ይረዳል። የባሕር ዛፍ ጥላ አንድ ጥጉን ብቻ ቢነካው እንኳ የሚጎዳው ከጥጉ በላይ ነው፤ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ተያይዘው ስለሚሠሩ የአንዱ መድከም ሌሎቹን ይይዛቸዋል።

የሣር ክዳን ቤት ያላችሁ ፓኔሉን ግቢ ውስጥ ምሰሶ ላይ ትሰቅሉታላችሁ። እዚህ ላይ ሽቦውን እዩ። ከምሰሶው እስከ ቤት 20 ሜትር ቢሆን፣ ሽቦው ቀጭኑ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን፣ አራት አምፔር ሲያልፍበት ከ12 ቮልቱ ሁለት ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው «ተሞላሁ» ሳይል ይመሻል፤ ሰውም ፓኔሉን ይረግማል። ወይ ምሰሶውን አቅርቡ፣ ወይ ወፍራም ሽቦ ግዙ።

ባትሪው ውጭ አይደር። የታኅሣሥ ውርጭ የሊዱን ጉልበት ይቀንሰዋል፤ ሊቲየሙ ደግሞ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ከተሞላ ውስጡ ይጎዳል። ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው የራቀ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ። ውሃ የሚጨመርበት ሊድ ከሆነ የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠውን ብቻ ጨምሩ፤ የምንጭ ውሃ የቱንም ያህል ቢጠራ ባትሪውን ይገድለዋል።

ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ሲያለብሰን ቅድም 180 ያልነው ወደ 90 ሊወርድ ይችላል። አምፖሎቹ፣ ሬዲዮና ስልክ 99 ነበሩ። ስለዚህ በክረምት ቴሌቪዥኗ ታርፋለች፣ አንዱ አምፖልም ቀድሞ ይጠፋል። ይህን ያላደረገ ቤት ባትሪውን ባዶ አድርጎ ያሳድራል፤ ሊድ ባትሪ ባዶውን ሲያድር ነው የሚሞተው። ስለ በረዶም የምትሰጉ ነበራችሁ። ደረጃውን የጠበቀ ፓኔል መስታወቱ የሚፈተነው 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ድንጋይ እየተወረወረበት ነው፤ ተራውን በረዶ ይችላል።

አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ደጋግሞ የሚመጣ። «የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት ነው። መስመሩ ሊደርሰን ከሆነ ሶላር ገዝቼ ለምን እከስራለሁ?» ግድቡ ጉልበት ሰጠ። ከግድቡ እስከ ጎጣችሁ ግን ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመር ይቀራል፤ በጃናሞራ ሸለቆዎች ላይ ያን መዘርጋት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም መብራት ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ብሎ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ዕቅዱ አልሞላም። እኔን ብትጠይቁኝ ቀበሌያችሁ ምሰሶ ተተክሎለት ሽቦ እየጠበቀ ከሆነ ትንሿን ሶላር ገዝታችሁ ጠብቁ። ምሰሶም ካልተተከለ ደህናውን ግዙ። መስመሩ በአራተኛው ዓመት ቢመጣ እንኳ ሶላሩ ዋጋውን መልሶ ይቆያል፤ 19,000 ብሩን ለ6,240 አካፍሉት፣ ሦስት ዓመት ከጥቂት ነው።

ያገለገለውን ሊድ ባትሪ ደግሞ ቤት ውስጥ አትፍቱት፣ አሲዱንም ማሳ ላይ አትድፉ። በውስጡ ያለው እርሳስ ልጆችን የሚመርዝ ነው። አሮጌ ባትሪ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ሳይከፈት፣ ከነአሲዱ ሽጡላቸው፤ አዲሱን ስትገዙም ነጋዴው በአሮጌው ልክ ከዋጋው እንዲቀንስላችሁ ጠይቁ።

ለዛሬ በዚህ አበቃን። በሚቀጥለው ሳምንት በሶላር የሚሠራ የመስኖ ፓምፕ ለነጭ ሽንኩርት ማሳ ያዋጣ እንደሆነ እናሰላለን። እርሳሱን አትጣሉት። ደህና ሰንብቱ።

(መዝጊያ ሙዚቃ)